ለልጄ ዶርም የገዛኋቸው ዕቃዎች፦ የቱ ሠራ የቱ ቦታ ያዘ

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዶርም ከያዘች ቆየት ብላለች፣ ዕቃዎቹም በደንብ ስለተፈተኑ አሁን የታዘብኩትን ልጻፍ፣ ልጁን ለመሸኘት የሚሯሯጥ ወላጅ ካለ ይጠቅመዋል። ሰፋ አድርጌ የማወራው ስለ ሦስት ነገር ነው፣ ስለ ኤክስቴንሽኑ፣ ፍራሽ ላይ ስለሚነጠፈው ስፖንጅ እና አየሩ ወጥቶ ስለሚጨመቀው የልብስ ከረጢት፣ ቫኪዩም ባግ ስለሚሉት። ሌላውን አለፍ አለፍ እያልኩ።

እኛ ዶርም በገባንበት ጊዜ ነገሩ ሁሉ አንድ ሻንጣ ነበር። አንሶላ፣ ብርድልብስ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ጓጉንቸር ቁልፍ፣ አለቀ። እናቴ ከባዱን ከታች ቀላሉን ከላይ እያለች ሸከፈችልኝ፣ በሰላም ደርሻለሁ ብዬ የጻፍኩላት ደብዳቤ እጇ እስኪገባ ደሞ ስንት ቀን በሐሳብ ቆየች። ክፍላችን ውስጥ መብራት የሚፈልግ ነገር ጣራው ላይ ያለው አምፖል ነበር፣ ምናልባት አንዷ ሬዲዮ ካላት እሱ። ስለዚ አንድ ሶኬት ለሁላችንም በቂ ነበር፣ ማንም ተጣልቶበት አያውቅም። አሁን አንድ ልጅ ስልክ አለው፣ ላፕቶፕ አለው፣ ኢርፎን፣ ፓወር ባንክ፣ የማጥኛ መብራት ምናምን፣ ሁሉም ቻርጅ ይፈልጋል። ሕንጻው ግን ብዙ ቦታ ያው የድሮው ሕንጻ ነው፣ ሶኬቱም ያኔ የተገጠመው፣ አልጋውም ያው አልጋ። ልጆቹ ተቀይረው ክፍሉ አልተቀየረም። እኔ ዕቃ ስመርጥ ያየሁት ይሄንኑ ነው፣ ክፍሉ የጎደለውን የሚሞላ ከሆነ እገዛለሁ፣ ለማሳመር ብቻ ከሆነ ይቅር።

ለዚ ነው አንድ ነገር ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ኤክስቴንሽን ግዛ የምለው፣ ግን ጥሩ ኤክስቴንሽን። የገዛሁት ባለ አራት ቀዳዳ፣ ሁለት ዩኤስቢ ያለው፣ ገመዱ 3 ሜትር የሆነ ነው። ርዝመቱን ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት፣ ዶርም ውስጥ ሶኬት ሁሌም የሚገኘው የማይሆን ቦታ ነው፣ ወይ ከአልጋ ኋላ ወይ በሩ ጋ፣ 1.5 ሜትር ገመድ ጠረጴዛው ጋ ሳይደርስ ያልቅና ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ያጠናሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ደሞ ገመዱን እያዞራችሁ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 0.75 የሚል ካለ ቀጭን ነው፣ 1.5 ካለ ወፍራም ነው፣ ቁጥሩ የውስጠኛው መዳብ ስፋት በካሬ ሚሊሜትር ነው። 0.75ቱ 6 አምፒር አካባቢ ነው የሚሸከመው፣ 1.5ቱ እስከ 16 ይሄዳል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነጭ ፕላስቲክ ናቸው፣ ሻጭም ሁለቱንም ኦሪጅናል ነው ይላችኋል፣ እናንተ ግን ቁጥሩን እመኑ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም፣ ልጄንም ቁጭ አድርጌ አሠርቻታለሁ። ኤክስቴንሽኑ 10 አምፒር ይሸከማል ብንል፣ 220 ቮልት በ10 አምፒር ሲባዛ 2200 ዋት ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር 65 ዋት አካባቢ ይወስዳል፣ የስልክ 20፣ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት 5፣ እና አራት ልጆች ሁሉንም ባንዴ ቢሰኩ 400 ዋት እንኳን አይሞላም። ስለዚ የደህና ኤክስቴንሽን ጠላቱ ቻርጀር አይደለም፣ የሚያሞቅ ነገር ነው። የውሃ ማፍያ ብቻውን ከ1500 እስከ 2000 ዋት ይበላል፣ ካውያም የፀጉር ማድረቂያም ብዙ አይርቁም፣ ከነዚ ሁለቱ አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ከተገናኙ ገመዱ ይግላል፣ ብሬከሩ ካልወደቀ ደሞ ይቀልጣል። ዶርሞች ምድጃና ማፍያ ሲከለክሉ ልጆቹን ለማስቸገር የሚመስላቸው ወላጆች አሉ፣ አይደለም፣ እሳት ፈርተው ነው፣ ትክክልም ናቸው። ኤክስቴንሽን ላይ ሌላ ኤክስቴንሽን መሰካትም እንደዛው ነው፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ጭነት በመጀመሪያው ገመድ ነው የሚያልፈው። ገመዱ ረዘመ ብላችሁ ደሞ ጠቅልላችሁ አትሰሩት፣ ተጠቅልሎ ሲጫን ሙቀቱ መውጫ አያገኝም።

የማልወድለት ነገርም አለው። ቀዳዳዎቹ በጣም ተጠጋግተዋል፣ የላፕቶፑ ቻርጀር ከነሳጥኑ ከተሰካ ጎኑ ያለውን ቀዳዳ ይሸፍነዋል፣ ስለዚ ባለ አራት የተባለው ሥራ ላይ ባለ ሦስት ነው። ዩኤስቢዎቹም ሁለቱ የሚካፈሉት 2.4 አምፒር ነው፣ 12 ዋት ማለት ነው፣ ሁለት ስልክ አንድላይ ሲሰካ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚሞላው፣ ቸኩላ ክላስ ለምትሮጥ ልጅ አይሆንም። መብራት ድንገት ከፍ ሲል ዕቃ እንዳይቃጠል የሚከላከለው ነገር ውስጡ አለው፣ ሰርጅ ፕሮቴክተር የሚሉት፣ እሱ ግን ዘላለም አይሠራም፣ በየምቱ ትንሽ ትንሽ እያለቀ ይሄዳል። ይሄኛው መከላከያው ሲያልቅ የሚጠፋ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለው፣ እሷ ስትጠፋ ቀዳዳው መሥራቱን ቢቀጥልም ላፕቶፕ አትሰኩበት። ከነጉድለቱ ድጋሚ ብገዛ ይሄንኑ ነው የምገዛው፣ ቀዳዳው ራቅ ራቅ ያለ ካገኘሁ ደሞ ያንን።

ስፖንጁ ሌላ ታሪክ ነው። የዶርም ፍራሽ ስንት ልጅ እንደተኛበት አይታወቅም፣ መሀሉ ጎድጉዷል፣ የእኔም ያኔ እንደዛ ነበር፣ ብርድልብስ አጥፌ ጉድጓዱ ላይ እያነጠፍኩ ነበር የምተኛው። አሁን ተጠቅልሎ የሚሸጥ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ሜሞሪ ፎም አለ፣ ይሄ ነገር በ1966 ለናሳ ሥራ የአውሮፕላን መቀመጫ ምቹ ለማድረግ ተብሎ ነው የተሠራው፣ በሰውነት ሙቀት ለስለስ ብሎ የሰውየውን ቅርጽ ይይዛል። ልጄ ጀርባዬ ዳነ ነው ያለችኝ፣ እኔም ላያት ስሄድ ጋደም ብዬበት ነበር፣ እውነቷን ነው፣ ታች ያለው ጎድጓዳ ፍራሽ ጭራሽ አይታወቅም። ስትገዙ ከውፍረቱ ይልቅ ክብደቱን እዩ፣ በሜትር ኪዩብ 50 ኪሎ አካባቢ የሆነው ይበረክታል፣ በጣም ቀላሉ ቶሎ ይሟሽሻል። ከፕላስቲኩ ሲወጣ ይሸታል፣ ቤት ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ተዘርግቶ ይናፈስ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሦስት የማያውቋት ልጆች ጋር እየሸተተ መጀመር ጥሩ አይደለም። ሞቃት አካባቢ ለሚማር ልጅ ግን አልመክረውም፣ ሙቀት ይይዛል።

አንድ ማንም የማይናገረው ነገር ደሞ አለ፣ እባካችሁ ልብ በሉት። ልጃችሁ ተደራራቢ አልጋ ላይ፣ ላይኛው ላይ የሚተኛ ከሆነ፣ ስፖንጅ በጨመራችሁ ቁጥር የመከላከያ ብረቱ እያጠረ ነው የሚሄደው። የአሜሪካ የተደራራቢ አልጋ ደንብ ለምሳሌ የብረቱ ጫፍ ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 12.7 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል ይላል። ብረቱ ከፍራሹ በላይ 15 ሴንቲሜትር ቢሆንና 5 ሴንቲሜትር ስፖንጅ ብታነጥፉ 10 ቀረ ማለት ነው፣ እንቅልፍ ላይ ለሚገላበጥ ሰው ይሄ ጥቂት ነው። ልጄ ታችኛው ስለደረሳት ነው እንጂ ላይኛው ቢሆን ኖሮ ስፖንጁን ቤት እናስቀረው ነበር።

ቫኪዩም ባጉ ላይ ከልጄ ጋር አንድ ሐሳብ አይደለንም። እሷ ከሁሉ በላይ የወደደችው እሱን ነው። ሁለት ዓይነት ነው የገዛሁት፣ አንደኛው በቫኪዩም ማሽን አየሩ የሚሳብ፣ ሌላው በእጅ እየተጠቀለለ አየሩ በጎኑ የሚወጣ። ብርድልብሱን ባለማሽኑ ውስጥ ከተን ዚፑን በጣቴ ከዳር እስከ ዳር ሁለቴ ጨምቄ ዘጋሁት፣ ማሽኑን አስነሳን፣ ያ ሁሉ ብርድልብስ እያየነው ደርቆ እንደ ቂጣ ስስ ሆነ፣ እሷ በደስታ ጮኸች። በነጋታው ስንነሳ ግን ተነፍቶ ሻንጣውን ከውስጥ ገፍቶታል፣ አየር ማስወጫው ክዳን ስር አንዲት ክር ገብታ ነበር፣ እንደገና ብንዘጋውም ቀስ እያለ ማስገባቱን አልተወም። በእጅ የሚጠቀለለው ግን፣ «እማ ቁጭ በይበት» እያለችኝ ተቀምጬበት፣ ከዚፑ በኩል ጀምራ ወደታች ስትጠቀልለው አየሩ ሲስስ እያለ ወጣ፣ ያሰብነውን ያህል ባይሳሳም እስክትደርስ ድረስ እንዳለ ቆየ።

ከሁሉም በላይ ግን ወላጆች የምንረሳው መመለሻውን ነው። ዕረፍት ሲሆን ልጅቷ ዕቃዋን ሸክፋ ትመጣለች፣ ዶርም ውስጥ ቫኪዩም ማሽን የለም፣ ስለዚ ባለማሽኑ ከረጢት አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚያገለግለው። በእጁ የሚጠቀለለውን ራሷ ጠቅልላ መጣች፣ ለዶርም የሚሆነው እሱ ነው፣ ሌላውን ቤት ውስጥ ለምታስቀምጡት ልብስ ተዉት። ቦታ ይቀንሳል እንጂ ክብደት አይቀንስም ደሞ፣ ሻንጣው ግማሽ ባዶ ሲመስል ሰው ይጨምርበታል፣ ከዛ ማንሳት ያቅታል፣ የኛን እኔና አባቷ ሁለት ሆነን ነው ደረጃውን ያወጣነው። ልብሱ በደንብ ካልደረቀ አትክተቱት፣ ትንሽ እርጥበት ታፍኖ ሲቆይ ይሻግታል፣ ሽታውም በአንድ እጥበት አይለቅም። የላባ ጃኬትና ሜሞሪ ፎምም ለረጅም ጊዜ ተጨምቀው አይቀመጡ፣ ድሮ ወደነበሩበት ላይመለሱ ይችላሉ።

የማጥኛ መብራቷ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚቆነጥጥ፣ ቻርጅ የሚደረግ ኤልኢዲ ናት፣ ትንሽ ናት ግን ጓደኛ አታጣላም። በኛ ጊዜ አንዷ ልታጠና ስትል ባለ 60 ዋቱ አምፖል ክፍሉን በሙሉ ያበራል፣ ፈተና ሲደርስ ማን ያጥፋ ማን ያብራ ጭቅጭቅ ነበር። የዛን አምፖል ያህል ብርሃን አሁን 9 ዋት አካባቢ በሆነ ኤልኢዲ ይገኛል፣ ይሄ ሁሉ ሰማያዊውን ኤልኢዲ በሠሩት ሰዎች የመጣ ነው፣ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሰጣቸው ለዚሁ ነው፣ እኔ በበኩሌ የተገባ ሽልማት ነው የምለው። የብርሃኑ ቀለም የሚቀያየረውን ግዙ፣ ማታ ላይ ቢጫ ወዳለው ስታደርገው ጎን የተኛችው ልጅ አትነቃም። ቁልፍ ደሞ በቁጥር የሚከፈት ነው የገዛሁት፣ ባለ አራት ቁጥሩን ነው፣ ባለ ሦስቱ 1000 ዓይነት አከፋፈት ብቻ ሲኖረው ባለ አራቱ 10,000 አለው፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ሦስቱን ቁጭ ብሎ ሊሞክረው ይችላል። እኛ ቁልፋችንን በክር አንገታችን ላይ ነበር የምናስረው፣ ሻወር ቤት ጥሎ መምጣት የየሳምንቱ ጣጣ ነበር።

ፓወር ባንኩ 20,000 ሚሊአምፒር አወር የሚል ነው፣ ስልኳን ሦስቴ ግድም ይሞላላታል፣ ሲተላለፍ የሚባክን ኃይል ስላለ የተጻፈውን ያህል አይሰጥም። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፣ ገደቡ አብዛኛውን ጊዜ 100 ዋት አወር ነው፣ የሷ 74 ነው፣ ያልፋል። ቦታ ብቻ የያዙት ደሞ የሚንጠለጠለው የጫማ መደርደሪያ፣ የትራስ ማሳመሪያዎች እና ለዶርም ተብሎ በአንድ ካርቶን የሚሸጠው ጥቅል ዕቃ ናቸው። መደርደሪያው የሚንጠለጠልበት ዘንግ ክፍሉ ውስጥ የለም፣ የጥቅሉ አንሶላ ከፍራሹ አጠረ። ጥቅል አትግዙ፣ አንሶላ በልክ ነው የሚገዛው።

በጣም የወደድኩት የዛሬ ነገር ገንዘብ የማይከፈልበት ነው። ምደባው እንደወጣ የክፍሉ ልጆች ሳይተያዩ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍተው ማን ምን ይያዝ ተባባሉ፣ ኤክስቴንሽኑ የኛ፣ መጥረጊያና ባልዲው የሌላዋ፣ መስታወቱ የሌላዋ። እኛ የክፍል ጓደኞቻችንን ያየነው በሩን ከፍተን ነው፣ አራታችንም ባልዲ ይዘን ነበር። እናንተም ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ልጃችሁ እዛው ዶርም የሚኖር ሲኒየር ፈልጎ የሶኬቶቹን ቦታ ፎቶ ያስልክ፣ ፍራሹንም በሜትር ያስለካ፣ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ተደራራቢ ከሆነ ደሞ ብረቱ ከፍራሹ በላይ ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ።