የድሮ የፒንቦል ሳጥን፦ በስቴንስል መቀባት ወይስ ስቲከር መለጠፍ?

ጎትሊብና ዊሊያምስ የተባሉት ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቺካጎ ውስጥ የሠሯቸው የፒንቦል ማሽኖች (የብረት ኳስ እየመቱ ነጥብ የሚሰበሰብባቸው መጫወቻዎች) የእንጨት ሳጥናቸው በስቴንስል፣ ማለትም ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ሽፋን ላይ ቀለም በመርጨት፣ የተቀባ ነበር። ዛሬ ቀለሙ የተላጠ ሳጥን የሚያድስ ሰው ወይ እንደ ጥንቱ ቅርጹን በስቴንስል ያወጣል፣ ወይ በፕላስቲክ ላይ የታተመ ስቲከር ይለጥፋል።

ስቲከሩ ፈጣን ነው። ነገር ግን ከሥሩ ያለውን ጉድለት አይደብቅም፤ በስቱኮ ያልተሞላች ጭረት ሁሉ ብቅ ትላለች።

ስቴንስል ትዕግሥት ይጠይቃል። የመደቡ ቀለም በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛው ቀለም ከተረጨ፣ ስቴንስሉ ሲነሣ የታችኛውን ቀለም ልጦ ይመጣል። ቀለሙ በስሱ፣ እየደጋገሙ ይረጫል፤ ከበዛ ከስቴንስሉ ሥር ይሰርጋል። ደግሞ ጠርዙን እንደ ምላጭ የሰላ ለማድረግ መጨነቅ አያስፈልግም፤ የፋብሪካው ሥራ ራሱ ጠርዙ ትንሽ የደበዘዘ ነበር። እኔን የሚማርከኝ ይህ የእጅ ሥራ ምልክት ነው፤ ስቲከር አያመጣውም።

የ1990ዎቹ ማሽኖች ሥዕላቸው በቀለም የተጨናነቀ ስለሆነ ለእነርሱ ስቲከሩን እመርጣለሁ። ለ1960ዎቹ ግን ከስቴንስል ሌላ አልቀበልም።

በሁለቱም መንገድ አሮጌው ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈግፈግ፤ በትንሹ እያረጠቡ፣ አፍንጫና አፍን አቧራ በሚከላከል ጭምብል ሸፍኖ ነው።