የደም ኦክስጅንን ቤት መለካት ወይስ ሆስፒታል መመላለስ?

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ ሳሉ የተለካ የደም ኦክስጅን መጠን እዚህ ጥቂት ቀንሶ ቢታይ አያስደንቅም፤ ስለዚህ ኦክስጅን የሚወስድ ሰው ቁጥሩን ማነጻጸር ያለበት በሚኖርበት ከተማ ከተለካው የራሱ ውጤት ጋር ነው።

በጣት መለኪያ ቤት ሲለካ፦ ወጪው የአንድ ጊዜ ነው፤ ሌሊትም ሆነ ደረጃ ከወጡ በኋላ ማየት ይቻላል። ይሁንና የቀዘቀዘ ጣትና የጥፍር ቀለም ውጤቱን ያዛባሉ፤ በጥቁር ቆዳ ላይም መሣሪያው ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። እናቴ እጇን ከጋቢዋ እንዳወጣች 84 ያለው መለኪያ፣ ጣቷን አሙቄ ጥቂት ስጠብቅ 91 ብሏል።

ሆስፒታል ሲለካ፦ ምልልሱ ያደክማል፣ ያስወጣል። ነገር ግን የጣት መለኪያ ፈጽሞ የማያሳየው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለባቸው ብዙዎች ሐኪም የሚያስቀምጠው የደም ኦክስጅን ግብ ከ88 እስከ 92 በመቶ በመሆኑ፣ ቁጥሩን ለማሳደግ ብሎ ኦክስጅኑን በራስ መጨመር ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ እንዲከማች ሊያደርግ ስለሚችል አደገኛ ነው።

ሕመሙ ለተረጋጋና ሐኪሙ ግቡን ለነገረው ሰው የቤቱ ይመቻል፤ ኦክስጅን ገና ለጀመረ ግን ሆስፒታሉ ይቀድማል። የጠዋት ራስ ምታትና ያልተለመደ እንቅልፍ የያዘው ሰው፣ ቁጥሩ ጥሩ ቢሆንም እንኳ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከማችቶበት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ሆስፒታል መሄድ አለበት።