ለኤምጂቢ የፊት ብራቾ የቪ8 ቡኮላ ከፖሊዩረቴን ይሻላል

ኤምጂቢ (የድሮው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) ፍሬን ሲያዝ ፊቱ ላይ "ቋ" ካለ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው አሞርዛተሩን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው የሚያገናኘው ክንድ) ውስጠኛ ቡኮላ (ብራቾው መታጠፊያ ላይ የሚገባው ላስቲክ) ላይ ነው። ፋብሪካው በእያንዳንዱ የብራቾ ዓይን (ቡኮላው የሚገባበት ቀዳዳ) ውስጥ ሁለት ግማሽ ላስቲክ ነበር የሚገጥመው፤ ለመላው መኪና 8 ግማሽ ማለት ነው። እነዚህ ግማሾች ከምንም ጋር የተጣበቁ አይደሉም፤ በሮንዴላ ተጨፍልቀው ብቻ ነው የሚቆሙት። ብራቾው በተነሣና በወረደ ቁጥር ላስቲኩ ይፈተጋል፣ ከሞተር የሚንጠባጠበው ዘይት ደግሞ ያለሰልሰዋል። ከመኪናው ሥር ገብታችሁ ሮንዴላው ዙሪያ ጥቁር ፍርፋሪ ካያችሁ፣ ወይም ፔርኖው (ብራቾው የሚዞርበት ዘንግ) ከዓይኑ መሐል ወደ አንድ ወገን ከሸሸ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1976 የተሠራው ባለ 8 ሲሊንደር፣ ባለ 3.5 ሊትር ኤምጂቢ ጂቲ ቪ8 ግን ሌላ ዓይነት ቡኮላ ይዞ ወጣ። አንድ ወጥ ነው፤ መሐሉ የብረት ቱቦ፣ ዙሪያው ከቱቦው ጋር አብሮ የተጣበቀ ላስቲክ። ተራው ኤምጂቢ ብራቾ ውስጥ ሳይሞረድ ሳይቆረጥ ይገባል፣ የሚያስፈልገውም 4 ብቻ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ቱቦው ፔርኖው ላይ ይነከሳል፤ ብራቾው ሲንቀሳቀስ ላስቲኩ ራሱ ይጠማዘዛል እንጂ የሚፈተግ ነገር የለም። ስለዚህ ግራሶ አይፈልግም፣ አይጮኽም። መሪው ላይ የሚሰማው ለውጥ ግልጽ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ወዲያና ወዲህ ማለቱን ይተዋል።

ፖሊዩረቴን (ከላስቲክ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ዕቃ) ብዙ የሚወደስ ነው፣ ውዳሴውም ከንቱ አይደለም። ዘይት አይበላውም፣ ያለ ፕሬስ በእጅ ይገባል። ነገር ግን የሚሠራው ፔርኖው ላይ እየዞረ ነው። አብሮት የሚመጣው የሲሊኮን ግራሶ ሲታጠብ እንደ አሮጌ በር ይንጫጫል፣ የመንገዱን ንዝረትም ሳይቀንስ ወደ ሻንሲው ያሳልፋል። ለውድድር መኪና ይሁን። በኮብልስቶንና በተሰነጣጠቀ አስፋልት ለሚነዳ መኪና ግን አንመክረውም።

ሥራው ላይ ከሁሉ በፊት የሚፈራው ሞላው ነው። መኪናው ሻንሲው ሥር በስታንድ ይቁም፤ በክሪክ ላይ ብቻ አይሠራም። ጎማው ከወለቀ በኋላ ሁለተኛ ክሪክ ከሞላው ሳህን ሥር ገብቶ ብራቾውን ትንሽ ያንሣ። ስታብላይዘር (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘው ዘንግ) ካለው ማያያዣው ይፈታል፤ ካሊፐሩም (የፍሬን ሸራውን የሚይዘው ክፍል) ተፈትቶ በሽቦ ይንጠለጠላል እንጂ በፍሬን ቱቦው አይሰቀልም። ሞላው በሰንሰለት ከመስቀለኛው ብረት ጋር ይታሰር። ከዚያ የኪንግ ፒኑ (ጎማው በመሪ ሲታጠፍ የሚዞርበት ቋሚ ዘንግ) የላይኛው ቡሎን ይወጣና ክሪኩ በጣም ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሞላው ሙሉ በሙሉ እስኪላላ ድረስ ማንም ሰው ፊት ለፊቱ አይቁም።

ቀጥሎ የሳህኑ ቡሎኖች፣ የኪንግ ፒኑ የታች ቡሎን፣ በመጨረሻም ፔርኖው ጫፍ ያሉት ባለ ጥርስ ዳዶዎች ከነኮፒሊያቸው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚቆልፈው ሽቦ) ይፈታሉ። የታችኛው ቡሎን ብዙ ጊዜ በዝገት ተጋግሮ ነው የሚገኘው፤ ከአንድ ቀን በፊት ማላቀቂያ ዘይት ይጠጣ፣ እምቢ ካለም በመጋዝ ይቆረጣል። ስለዚህ አዲስ ቡሎንና የአቧራ መከላከያ ላስቲኮች ቀድሞ መያዝ ይሻላል። ብራቾዎቹ ሲወጡ ፔርኖውን በጥፍር ዳብሱት። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለበት ይቀየር፤ ዓይኑ ሞላላ የሆነ ብራቾም እንዲሁ።

ለመግጠም ጠንካራ ሞርሳ ይበቃል። ዓይኑ ውስጡ በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ፣ ቡኮላው በሳሙና ውሃ ይረስ። ዘይትም ግራሶም አይነካው። ግፊቱ የቡኮላው ጠርዝ ላይ ይረፍ፤ መሐሉን ቱቦ የገፋ ሰው ገና ሳይነዳ ላስቲኩን ከብረቱ ያላቅቃል። ቀጥ ብሎ ካልጀመረ አውጥቶ እንደገና መጀመር ነው፤ በመዶሻ ማስተካከል አይቻልም።

ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው ማጥበቁ ላይ ነው። ብራቾው ተንጠልጥሎ እያለ ዳዶው ከጠበቀ ቱቦው በዚያው አቋም ይነከሳል። መኪናው በጎማው ሲቆም ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ ቆሞም ቢሆን ዕረፍት የለውም። የፊቱ ቁመት ከፍ ይላል፣ ቡኮላውም ጊዜው ሳይደርስ ይቀደዳል። ከዚያ "የቪ8 ቡኮላ አይረባም" ይባላል። ዳዶው መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይያዝ። ሁሉ ነገር ከተገጠመና መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ወደፊትና ወደኋላ ገፋ ገፋ ተደርጎ ይደላደል፤ ያን ጊዜ ከሥር ተገብቶ ይጠብቅ፣ ኮፒሊያውም አዲስ ይሁን። ቀጥሎ የጎማ አላይመንት ይታይ፤ የፊት ጎማዎቹ ከኋላቸው ይልቅ በፊታቸው ከ1.6 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር መቀራረብ አለባቸው።

ፖሊዩረቴን ቦታ የለውም ማለት ግን አይደለም። ስታብላይዘሩን ሻንሲው ላይ የሚይዙት ሁለቱ ላስቲኮች በእሱ ቢቀየሩ ጉዳት የለውም፣ መኪናውም ኩርባ ላይ ቶሎ ይታዘዛል። የኋላው ባሌስትራ የፊት ዓይን ግን ላስቲክ ይሁን፤ መኪናው ሲያጋድል ባሌስትራው መጠማዘዝ አለበት፣ ፖሊዩረቴን ግን ይይዘዋል።

የቪ8 ቡኮላ ስትገዙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ገበያ ላይ ላስቲኩ ከቱቦው ጋር በደንብ ያልተጣበቀ ቅጂ አለ። ከመክፈላችሁ በፊት ቱቦውና ላስቲኩ የሚገናኙበትን መስመር በአውራ ጣት ጥፍር ጫን እያላችሁ ዙሩት። በአንድ ቦታ እንኳ ጥፍር ከገባ መልሱት፤ መኪናው ላይ ከተገጠመ በኋላ ያ ክፍተት እየሰፋ ነው የሚሄደው።