በሐዋሳ የዝንብ ማሽን ልትገዙ ላሰባችሁ፦ መጀመሪያ እኚህን ባለሙያ አማክሩ

ይህን የምጽፈው ለአንድ ሰው ትልቅ ምስጋና ስላለብኝ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ምግብ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ሥጋ ቤት ወይም ዳቦ ቤት ያላችሁ፣ ቤታችሁም ውስጥ ዝንብና ትንኝ ያስቸገራችሁ፣ እባካችሁ እስከ ታች አንብቡት። የዝንብ ማሽን ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት።

የማመሰግናቸው ሰው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጥገና ቤት አለቻቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አላወጣም፣ እሳቸውም አልፈለጉም። የሚፈልጋቸው ሰው ኢንቦክስ ያድርገኝ፣ አገናኛለሁ።

እኔና ታናሽ እህቴ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ በሚወስደው መንገድ ላይ አሳ ቤት አለን። አሞራ ገደልን የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። ጠዋት ጀልባው ሲገባ ቆሮሶውም አምባዛውም እዚያው ይገፈፋል፣ አንጀቱ እዚያው ይጣላል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆመው ይጠብቃሉ። አሳ ባለበት ዝንብ አይጠፋም። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ደንበኛ ለብለብ አዝዞ በአንድ እጁ እየበላ በሌላው ዝንብ ሲያባርር ማየት ለቤቱ ባለቤት እንዴት እንደሚከብድ፣ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ማሽን ልንገዛ ተነሳን። የጠየቅናቸው ሱቆች የሚሉት ተመሳሳይ ነው። ትልቁን ውሰዱ፣ ሰማያዊ መብራት ያለውን፣ ዝንቡ ሲነካው ጧ የሚለውን፣ ኩሽናው መሀል ስቀሉት፣ በቃ ተገላገላችሁ። ጋሼን የጠራናቸው ገመድ እንዲስቡልንና ማሽኑን እንዲሰቅሉልን ብቻ ነበር። መጡ፣ ቤቱን ዞረው አዩ፣ ከዚያ "ልጄ፣ ገንዘብሽን ለጊዜው ያዢው" አሉኝ።

መጀመሪያ የሄዱት ጓሮ ነው። የቆሻሻ በርሜሉን ከፍተው አዩ፣ የእቃ ማጠቢያው ውሃ የሚወርድበትን ቦይ አዩ። ኤሌክትሪክ ሊሠራ የመጣ ሰው በርሜል ሲከፍት ሠራተኞቻችን ገርሟቸው ነበር። ምክንያቱን ግን ቁጭ ብለው አስረዱን። አንዲት የቤት ዝንብ በዕድሜዋ እስከ 500 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። ሙቀት ባለበት እንቁላሉ ትል ሆኖ፣ ተለውጦ፣ የሚበር ዝንብ ለመሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። በርሜሉ ክዳን ከሌለውና የአሳ ትርፍራፊው ከታች ተጣብቆ ከቆየ ጓሮው ራሱ ዝንብ ይፈለፍላል፣ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢገድል አይደርስበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ክዳን፣ በየቀኑ ማስወጣት፣ በርሜሉን ከታች ድረስ በሳሙና ማጠብ፣ ቦዩን መጥረግ፣ የኩሽናውን መስኮት በወንፊት ሽቦ መሸፈን። "ይህን አድርጉና ልምጣ" ብለው ሄዱ። ለዚያ ቀን የትራንስፖርት እንኳን አልተቀበሉኝም።

ተመልሰው ሲመጡ ነው ስለ ማሽኑ ያወራነው። እዚህ ጋ ትንሽ ላርዝመው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በሽቦው ላይ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትና ዝንቡን የሚያቃጥለው ነው። ሁለተኛው ያንኑ መብራት ይዞ ከኋላው የሚያጣብቅ ወረቀት ያለበት ነው፣ ዝንቡ ወደ ብርሃኑ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፣ በየጊዜው ወረቀት መግዛት የለበትም፣ ድምፁም እየሠራ መሆኑን ያሳያል፣ ስለዚህ ሰው ይወደዋል። ችግሩ ዝንቡ ሲቃጠል ይፈነዳል። ክንፉ፣ እግሩ፣ በሆዱ የያዘው ነገር ሁሉ ብናኝ ሆኖ ዙሪያውን ይረጫል። ከታች የተቆረጠ አሳና ሰላጣ ካለ የት እንደሚያርፍ አስቡት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የምግብ ደንብም እንዲህ ያለ ማሽን ምግብ ከሚዘጋጅበት ቦታ በላይ እንዳይሰቀል፣ የሞተው ነፍሳትም ሆነ ቁራጩ ምግብ ላይ እንዳይደርስ ያዝዛል። ጋሼ ደንቡን ጠቅሰው አልነገሩኝም፣ "ምግብ ባለበት የሚያጣብቀውን፣ ጓሮ ላይ የሚያቃጥለውን" ነው ያሉኝ። ነገሩ ግን ያው ነው።

ዳቦ ቤት ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ዱቄት የሚቦንበት ክፍል ውስጥ የሚያቃጥለው ማሽን ጭራሽ መግባት የለበትም። በአየር ላይ ያለ የዱቄት ብናኝ ከእሳት ብልጭታ ጋር ሲገናኝ ሊቀጣጠል ይችላል። ጎረቤታችን ዳቦ ቤት አላት፣ ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ሰምታ የዚያኑ ቀን ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው።

ቀጥሎ መብራቱ። ዝንብን የሚስበው ዓይናችን የሚያየው ሰማያዊ ብርሃን አይደለም፣ እኛ የማናየው አልትራቫዮሌት ነው። ለዝንብ ጥሩ የሚባለው የሞገድ ርዝመቱ 365 ናኖሜትር አካባቢ የሆነው ነው። ካርቶኑ ላይ ወይም አምፖሉ ላይ 365 ወይም 368 የሚል ቁጥር ፈልጉ። ምንም ቁጥር ሳይጻፍበት ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ቀለም ብቻ ያለው አምፖል ቤቱን ያሳምራል እንጂ ዝንብ አይጠራም። ረጅሙ ፍሎረሰንት ከሆነ ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ እየበራም ቢሆን መቀየር አለበት። አልትራቫዮሌቱ ቀስ እያለ ይዳከማል፣ ሰማያዊው ግን እንዳለ ይታያል፣ ስለዚህ በዓይን አይታወቅም። ኤልኢዲው ከዚያ የበለጠ ይቆያል። ጋሼ አምፖሉን የገጠሙበትን ቀን በማርከር ማሽኑ ጎን ላይ ጽፈውልኛል። ምግብ ቤት ከሆነ ፕላስቲክ የተለበጠ አምፖል ቢገኝ ይመረጣል፣ ቢሰበር ብርጭቆው ምግብ ላይ አይበተንም።

የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ከሁሉም በላይ ተጨቃጨቅን። እህቴ በሩ ፊት ለፊት ይሁን አለች፣ ዝንቡ ሲገባ ወዲያው እንዲይዘው። ጋሼ እንቢ አሉ። ከውጭ የሚታይ ከሆነ የውጭውን ዝንብ ጠርቶ ያስገባል፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ከሆነ ደግሞ የቀኑ ብርሃን ያሸንፈዋል። ቁመቱም ጣሪያ ስር መሆን የለበትም፣ የቤት ዝንብ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ነው የሚበረው፣ ከወለሉ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይበቃል። በመጨረሻ ከበሩ ወደ ኩሽና በሚወስደው መተላለፊያ ጎን፣ ጨለም ባለው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ዝንቡ ኩሽና ከመድረሱ በፊት እዚያ ይቀራል። ኩሽናው ውስጥ ራሱ፣ ምጣዱና መክተፊያው ባሉበት፣ ምንም አልሰቀሉም።

መብራት ብዙ ይበላል ወይ ላላችሁኝ፣ የእኛ ባለ ሁለት አምፖል ሆኖ በድምሩ 40 ዋት ነው። ቀንና ሌሊት ቢበራ በወር 29 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ማታ ቤት ስንዘጋም አናጠፋውም፣ ሌላው መብራት ሁሉ ሲጠፋ የእሱ ብርሃን ብቻውን ስለሚቀር ጥሩ ይይዛል። መብራት ሲሄድ መሥራቱ ይቆማል እንግዲህ፣ ለዚያ መፍትሔ የለውም፣ ወንፊቱና ክዳኑ የሚጠቅሙት ያኔ ነው።

አሁን ጋሼን በጣም ያከበርኩበት ነገር ላይ ልምጣ። ታላቅ እህቴ አቶቴ ነው የምትኖረው፣ ትንንሽ ልጆች አሏት። ትንኝ ልጆቹን ስላስቸገረቻቸው ያንኑ ማሽን ለመኝታ ቤት ፈለገች፣ ብሩንም አዘጋጅታ ነበር። ጋሼ ቤቷ ሄደው "ይቅርብሽ" አሏት። የምትናከስ ትንኝ ሰውን የምታገኘው በትንፋሹ፣ በሰውነቱ ሙቀትና ጠረን ነው፣ ሰማያዊ መብራት ብዙም አያጓጓትም። እኔም በኋላ ሳነብ በፈረንጆቹ 1996 የታተመ፣ አሜሪካ ዴላዌር ውስጥ የተሠራ ጥናት አገኘሁ። በእነዚህ በሚያቃጥሉ ማሽኖች ከተገደሉት 13,789 ነፍሳት ውስጥ የሚናከሱት 31 ብቻ ነበሩ። ሌላው ማንንም የማይነካ በራሪ ነው። ሐዋሳ ደግሞ ወባ ያለበት ከተማ ነው፣ "ማሽን አለን" ብሎ አጎበር መተው አደጋ ነው። ስለዚህ የነገሯት አጎበሩን በየሌሊቱ ፍራሹ ስር አስገብተሽ ዘርጊ፣ መስኮቱ ላይ ወንፊት አስገጥሚ፣ ግቢ ውስጥ ውሃ የሚያቁር ጎማና ባልዲ አስወግጂ፣ የውሃ በርሜሉን ክደኚ ነው። የወንፊቱንም ሥራ ለሌላ አናጢ አሳልፈው ሰጡ። እሺ ብለው ቢሰቅሉላት ኖሮ የእጅ ዋጋቸውን ተቀብለው ይሄዱ ነበር፣ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። ስንቱ ባለሙያ ነው እንዲህ የሚያደርገው?

አንድ የጥንቃቄ ነገርም ልጨምር። ቤቱን ስንከራይ ከበፊቱ ተከራይ የቀረ አሮጌ የሚያቃጥል ማሽን ነበር። ሠራተኛችን ሊያጸዳው ስፒናውን ነቅሎ እጁን ሊያስገባ ሲል ጋሼ ጮኸው አስቆሙት። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል፣ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ይይዘዋል። እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ካቻቢቴ ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝተው ሲያሳዩን ጧ አለ። ሁላችንም ክው አልን። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ይህ ዓይነቱ እጅ በማይደርስበት፣ መከላከያ ፍርግርጉ ጠባብ የሆነ ይሁን፣ ርጥበት ባለበት ቦታም አይሰቀል።

ውጤቱን ትጠይቁኛላችሁ። ዝንብ ጨርሶ ጠፋ ብል ውሸት ይሆናል፣ አሞራ ገደል አጠገብ ሆኖ የማይታሰብ ነው። ግን ደንበኛ አሁን በሁለት እጁ ይበላል። ፍሊት መንፋት ትተናል፣ ምግብ ባለበት ቤት ውስጥ እሱ ራሱ ሁልጊዜ ያስጨንቀኝ ነበር። የሚያጣብቀውን ወረቀት በየወሩ እንቀይራለን፣ ሲሞላ ደግሞ ከዚያ በፊት። ወረቀቱን ስንቀይር ጋሼ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ ይሉናል። የቤት ዝንብ ከበዛ በር ወይም በርሜል ተከፍቶ ነው፣ ደቃቆቹ የፍራፍሬ ዝንቦች ከበዙ ደግሞ ባር ጋ የተደፋ ጭማቂ ወይም የቆሸሸ ቦይ አለ ይላሉ፣ ሄደን ስናይም እዚያው እናገኘዋለን።

ጋሼ ማሽን አይሸጡም። ስለዚህ የትኛውንም ብትገዙ የሚያገኙት የእጅ ዋጋቸውን ብቻ ነው፣ እሱንም ሥራውን ሳይጀምሩ ይነግሯችኋል። ከፈለጋችሁ ሱቅ ድረስ አብረዋችሁ ይሄዳሉ፣ ካልተመቻቸው የካርቶኑን ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩላቸው አንብበው ይነግሯችኋል። ሥራ ስለሚበዛባቸው ዛሬ ተደውሎ ዛሬ አይመጡም፣ ትንሽ ታገሷቸው። እሑድ አይሠሩም።

ኢንቦክስ ስታደርጉኝ እነዚህን አብራችሁ ላኩልኝ፣ እሳቸው ሁልጊዜ የሚጠይቁት ይህንኑ ስለሆነ፦ የክፍሉ ስፋት በሜትር፣ በርና መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ሶኬት የት እንዳለ፣ ምግብ የሚዘጋጅበት ቦታ፣ እና የቆሻሻ በርሜላችሁ ፎቶ። የበርሜሉን እንዳትረሱ፣ ከሁሉ በፊት የሚያዩት እሱን ነው።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን። ለፋሲካ አሳ ቤታችን ይምጡ፣ ጉላሹ በእኛ ነው።