የመቶኛና የገንዘብ ጥያቄ፦ በውድር ወይስ በእኩልታ?

15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ 2,300 ብር የተከፈለበት ዕቃ፣ ታክሱ ሳይታከልበት ዋጋው ስንት ነበር?

በውድር፦ መነሻው 100፣ ታክሱ 15 ስለሆነ የተከፈለው 115 እጅ ነው። 2,300 ለ115 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 2,000 ብር ይመጣል። ፈጣን ነው፤ በቃልም ይሠራል።

በእኩልታ፦ ያልታወቀው ዋጋ «ሀ» ተብሎ ሀ + 0.15ሀ = 2,300 ይጻፋል። መልሱ ያው 2,000 ብር ነው፤ ጽሑፉ ግን ይረዝማል።

የስህተት ስጋታቸው እኩል አይደለም። ብዙ ተማሪዎች የ2,300ን 15 በመቶ፣ ማለትም 345 ብር፣ ቀንሰው 1,955 ብር ይላሉ፤ ታክሱ የተሰላው ግን በመነሻው ዋጋ ላይ ነው። እኩልታ «15 በመቶ የምኑ?» የሚለውን በግልጽ እንዲጽፉ ስለሚያስገድዳቸው፣ ለጀማሪ ይህ ጥቅሙ ከፍጥነት እጅግ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አንድ መቶኛ ብቻ ላለበት የቅናሽ ወይም የታክስ ጥያቄ፣ በተለይ በፈተና ሰዓት፣ ውድር ይበቃል። 50,000 ብር ከፊሉ በ7፣ ከፊሉ በ9 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ተቀምጦ በአንድ ዓመት 4,100 ብር ካስገኘ ግን እኩልታ ይሻላል፤ በ7 በመቶ የተቀመጠው «ሀ» ተብሎ 0.07ሀ + 0.09(50,000 − ሀ) = 4,100 ሲፈታ ሀ 20,000 ብር መሆኑ ይታወቃል።