ለኤልክ ብለው የዝሆን ጠመንጃ ሸጡልኝ

ኮሎራዶ ውስጥ ዘንድሮ ለኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) አደን የምትሰናዱ ወገኖቼ፣ ይህን ሳታነቡ መሣሪያ እንዳትገዙ። ገና ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ሰላም ሳትሉት ከመደርደሪያው ትልቁን አውርዶ የሚያስታቅፋችሁ፣ ከየት እንደመጣችሁ ሲሰማ ደግሞ «የአፍሪካ ሰው በዚህ ካልተኮሰ በምን ሊተኩስ ነው?» የሚለው ዓይነት ነው። ዝሆን ያየሁት በቴሌቪዥን ብቻ መሆኑን ማን ይጠይቀኝ! ያስታቀፈኝ ያገለገለ .458 ዊንቸስተር ማግነም ነው፤ ዋጋው 1800 ዶላር።

በዚህ ግዛት ከ2023 ወዲህ ገዢው መሣሪያውን ለመረከብ ቢያንስ ሦስት ቀን መጠበቅ አለበት። በዚያ መካከል ደውዬ «ለኤልክ አይበዛም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ትልቅ ጥይት በዝቶ አያውቅም፤ የትም ብትመታው እዚያው ይወድቃል» አለኝ።

ነጭ ውሸት! .458 በ1956 ሲወጣ የታሰበው ለዝሆንና ለጎሽ ነው፤ ከ32 ግራም በላይ የሚመዝን አረር በቅርብ ርቀት ወፍራም ቆዳና አጥንት እንዲበሳ። ኤልክ ግን ሸለቆ ማዶ ነው የሚቆምላችሁ። በ100 ያርድ ያስተካከላችሁት .458 ደግሞ 300 ያርድ ሲደርስ ከግማሽ ሜትር በላይ ወርዷል። ይባስ ብሎ ከጠመንጃው ጋር የሸጠልኝ ጥይት አረሩ ጠጣር ነው፤ በስቶ ያልፋል እንጂ አይከፈትም። የኮሎራዶ የአደን ደንብ ደግሞ ለኤልክ የሚፈቅደው ሲመታ የሚከፈት አረር ብቻ ነው። አንዱ ጥይት ከአምስት ዶላር በላይ የተከፈለበት፣ ይዤው ብወጣ የሚያስቀጣኝ ዕቃ ነበር ማለት ነው።

ርግጫው ከተለመደው የአደን ጠመንጃ፣ ከሰርቲ-ኦት-ሲክስ (.30-06)፣ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ጠመንጃው ላይ ያለው የማነጣጠሪያ መነጽር ወደ ኋላ ተመልሶ ቅንድቤን ተረተረው። ከዚያ በኋላ ቃታውን ሳልስብ ዓይኔ ቀድሞ መጨፈን ጀመረ፤ እንዲህ ሆኖ ዒላማ የሚመታ ሰው ካለ ንገሩኝ።

ልመልሰው ሄድኩ። ሻጩ ሳጥኑን እንኳ አልከፈተም። ወደ ባልደረባው ዞሮ «ደግሞ ተመልሳ መጣች» አለው፤ ሁለቱም ሳቁ። ቀጥሎ መሳቢያውን ስቦ ቢጫ የዋጋ ወረቀት አወጣ። ስገዛ ከቃታው ጋር በክር ታስራ የነበረችው ወረቀት ናት፣ 1800 የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ነው፣ ክሩም አልተነካም። አልጣላትም! ቅንድቤ ላይ ያለውን ፕላስተር እያየ «ሳመችህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያም ያ በስልክ የማለልኝ ሰውዬ «ለመሆኑ ኤልክን በዚህ የሚመታ ማን ነው?» ሲል ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። 700 ዶላር ልስጥህ አለኝ። ደረሰኙን ባሳየው ከግርጌው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን «የተሸጠ መሣሪያ አይመለስም» የሚለውን በጣቱ እየጠቆመ አነበበልኝ፣ ቃል በቃል፣ ለሕፃን እንደሚነበብ። አስተዳዳሪውን ጥሩልኝ ብል አስተዳዳሪው ያ ሲስቅ የነበረው ባልደረባው ሆኖ ተገኘ።

700ውን አልተቀበልኩም፤ ጠመንጃው ቤቴ ተቆልፎበታል።

ለምትገዙ፦ ሕጉ ለኤልክ የሚጠይቀው ትንሹ ካሊበር (የአረሩ ውፍረት በኢንች) .24 ነው። ሰርቲ-ኦት-ሲክስ ከ1906፣ .270 ደግሞ ከ1925 ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ ለኤልክ በቂ ናቸው፣ ጥይታቸውም የትም ይገኛል። ከመክፈላችሁ በፊት በተኩስ መለማመጃ ቦታ ተከራይታችሁ ሞክሩ፣ ደረሰኙንም እስከ ግርጌው አንብቡ።