ሞተሩ አልሞቅ፣ ሂተሩም አልሞቅ ሲል፦ የትኛው ቴርሞስታት ይገዛ?

ግማሽ ሰዓት ነድታችሁም የሙቀት ጌጁ ቀስት ከታች አልነሳ ካለ፣ ሂተሩም ለብ ያለ አየር ብቻ ከሰጠ፣ መካኒኩ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን ቫልቭ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ቢሆንም ዕቃ ልትገዙ ወደ ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለቱን ምልክቶች አጣምራችሁ እዩ።

ቀስቱም ዝቅ ካለ ሂተሩም ካልሞቀ፣ ብዙ ጊዜ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል ወይም ጭራሽ የለም። ቀስቱ ዝቅ ብሎ ሂተሩ የሚያቃጥል ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው፤ የሚዋሸው ሴንሰሩ ወይም ጌጁ ነው። ቀስቱ መሃል ቆሞ ሂተሩ ካልሞቀ ግን ቴርሞስታት መግዛት ብር መጣል ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኩላንቱ (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ) እንዳልጎደለ እዩ። ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ሂተሩ የሚሄዱትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች በጥንቃቄ ዳስሱ። አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው በሂተሩ ውስጥ እየዞረ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሂተሩ ትንሿ ራዲያተር ተደፍና ነው።

ለማረጋገጥ የሚያግዙ ሁለት ርካሽ ዕቃዎች አሉ። ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት የሚሰካው፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውና በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚሠራው የኦቢዲ ስካነር የኩላንቱን ሙቀት በዲግሪ ያሳያል፤ ፒ0128 የሚል ኮድ ካወጣም ሞተሩ በጊዜው አልሞቀም ማለት ነው። ችግሩ፣ ስካነሩ የሚያምነው ሴንሰሩን ነው። ከርቀት ሙቀት የሚለካው የኢንፍራሬድ ሽጉጥ ደግሞ ማንንም አያምንም፤ ሶኬቱ ለሌላቸው ለድሮዎቹ ኮሮላ ዲኤክሶች ሌላ ምርጫም የለም። ብቻ የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም ላይ አታነጣጥሩት፣ የውሸት ቁጥር ይሰጣል። ጥቁሩን የጎማ ቱቦ ለኩ። አንዱን ብቻ ግዙ ብባል፣ ሶኬቱ ላለው መኪና ስካነሩን እመርጣለሁ።

ወደ ቴርሞስታቱ እንምጣ። እኛ አገር በጣም የተለመደው ምርጫ አለመግዛት ነው። «ነቅለህ ጣለው፣ ሞተር አይፈላም» ያላለ መካኒክ ያለ አይመስለኝም። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ የዓባይ በረሃን ዳገት ጭነት ይዞ የወጣ ሹፌር ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማቃጠል ምን እንደሆነ ያውቃል። ግን የነቀሉት ቴርሞስታት ዋጋውን በሌላ መንገድ ያስከፍላል። የመኪናው ኮምፒውተር ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። የተረፈው ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ እርጥበቱም ስለማይተን ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይሄ ነው፦ በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃውን ወደ ራዲያተሩ ሳያስገባ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ መስመር ይዘጋል። ሲነቀል አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል። የውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ስለሚመለስ፣ እንዳይፈላ ተብሎ የተነቀለበት መኪና ዳገት ላይ ሊፈላ ይችላል።

ሰልባጁን ባጭሩ፦ ተዉት። ውስጡ ያለው፣ ሲሞቅ ቀልጦ ክዳኑን የሚከፍተው ሰም ምን ያህል እንደደከመ በዓይን አይታይም።

ኦሪጅናሉና ጥሩ ስም ያለው ሌላ ብራንድ፣ ለምሳሌ ጌትስ ወይም ማህለ፣ ሥራቸው ይቀራረባል። ጥሩውን ብራንድ ያለ ሐሳብ እገዛለሁ፤ ኦሪጅናል የሚባለው ዕቃ ካርቶኑ ብቻ ኦሪጅናል ከሚሆን ይሻላል። ስም የለሹ ግን የሚዘጋው ክዳን በደንብ የማይገጥምበት ጊዜ አለ፤ ያኔ አዲስ ገዝታችሁ የድሮው ችግር ይቀጥላል። ብርሃን ፊት ያዙትና በክዳኑ ዙሪያ ክፍተት እንደሌለ እዩ።

የሚከፈትበትን ዲግሪም አንብቡ። ብዙ ቶዮታዎች የሚፈልጉት 82 ነው። ባለሱቁ «ለበረሃ ይሻላል» ብሎ 76ቱን ቢያቀብላችሁ አትቀበሉ፤ ሞተሩ ይበልጥ ቀዝቅዞ ይሠራል። ብዙ የአውሮፓ መኪኖች 88 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ሚኒሶታ ወይም ዴንቨር ያላችሁ ደግሞ በክረምቱ ፋብሪካው ካዘዘው አንድ ዲግሪ አትቀንሱ።

በድስት መፈተኑ ጥሩ ነው፤ ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥሎ የሚፈላ ውሃ ውስጥ መንከር። አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። 82ቱ ሲከፈት በደንብ ይታያል፤ 88ቱ ግን ትንሽ ብቻ ገርበብ ብሎ ይቆማል። በዚህ ብቻ ተበላሽቷል አትበሉት።

ሲገጠም ትንሿ የአየር ማውጫ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን፣ ዙሪያውን የሚያሽገው ጎማም አዲስ ይሁን። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርጋችሁ አስነሱት። አረፋው እስኪያልቅ ኩላንት ጨምሩ። አየር ውስጥ ከቀረ በአዲሱ ቴርሞስታትም ሂተሩ አይሞቅም፤ ከባለሱቁ ጋር ለመጣላት ከመሄዳችሁ በፊት አየሩን ደግማችሁ አስወጡ።